ሁለት ኢንች ወይስ ስድስት

እንዳትነግረው ብላዋለች፣ በገዛ ጆሮው ሰምቷል፣ ወሬ ያመጣለት የለም፣ ትናንት ከሰዓት ጭቃ የበላውን ካልሲውን ይዞ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ደጃፍ ላይ እንደቆመ፣ ሚስቱ አርዲስ ጀርባዋን ሰጥታው በስልክ፣ ኪፕ አደራህን፣ ለቬርሊን እንዳትነግረው፣ ይሄ በእኔና ባንተ መሀል ይቅር፣ አለችና ዘጋች፣ ዞር ስትል አየችው፣ ደንገጥ አለች? ትንሽ፣ ከዚያ ካልሲውን ከእጁ ተቀበለችውና ማሽኑ ውስጥ ወረወረችው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ኪፕ። ባለጋራዡ ኪፕ። አሁን የሚሄዱበት ኪፕ።

እና ቬርሊን ቶሌፍሰን በገዛ ፒክአፑ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ከተማ ይወሰዳል። ይወሰዳል እንጂ ይሄዳል አይባልም፣ መሪው በእሷ እጅ ነው። ጓንቱ ላይ የሽቦ ዝገት አለ፣ ሱሪው ላይ ጭቃ፣ ምክንያቱም ከቤታቸው እስከ አስፋልቱ ሦስት የሽቦ በር አለ፣ ሦስቱንም የከፈተውም የዘጋውም እሱ ነው፣ ወርዶ፣ ቋሚውን በትከሻው ገፍቶ፣ የሽቦ ቀለበቱን ከአናቱ አውልቆ፣ በሩን ጎትቶ አጋድሞ፣ እሷ ስታልፍ መልሶ ወጥሮ፣ እንደገና መኪናው ላይ ወጥቶ። ጎን የተቀመጠ ይወርዳል፣ መሪ የያዘ አይወርድም። ይሄን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይጥሰውም፣ የሞንታና አገረ ገዢ ራሱ ጎን ቢቀመጥ ከነከረባቱ ወርዶ ጭቃው ውስጥ ይቆማታል። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ነዳ እሷ ከፈተች፣ በረዶ ሆነ ዝናብ፣ እርጉዝ ሆነችም አልሆነችም፣ አንድ ቀን እንኳን መሪውን ስጠኝ ብላ አታውቅም።

በረዶው ሲቀልጥ ጀመራት። ዛሬ እኔ ልንዳ ቬርሊን፣ አንተ አገሩን እያየህ ሂድ። አገሩን እያየህ! ሰው እንዲያው ከመሬት ተነስቶ ስለ ማየት አያነሳም። ግራ ዓይኑ ላይ ከገና ወዲህ ጭጋግ ወርዷል፣ ሲመሽ ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ ይበተንበታል፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም፣ ሐኪምም ጋ አልሄደም፣ ሐኪም ጋ የሄደ ሰው ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወረቀቱ መንጃ ፈቃድ ይበላል። በሚያዝያ የከብት ማጠጫውን ገንዳ በመኪናዋ የኋላ መከላከያ ገጭቶታል፣ ፍሬኑ ነው አላት፣ ፍሬኑ ይሆናል አለች። ቶሎ ነው ያመነችው። አርዲስ እንዲህ በቀላሉ አምና የምታውቅ ሴት አይደለችም።

እሷ ካወቀች ታሚ ታውቃለች። ልጃቸው ታሚ ያለችው ቢሊንግስ ከተማ ነው፣ ባሏ የቤት ደላላ ነው፣ ሲያቅፍህ እንኳን ወርድህን የሚለካ ይመስልሃል። በፋሲካ ምሳ ላይ ታሚ፣ አባዬ እናንተም እኮ አሁን ይበቃችኋል፣ እኛ ሰፈር አንድ ቤት ባዶውን ቁጭ ብሏል፣ በረዶ እንኳን መጥተው ይጠርጉልሃል፣ ማን ጥረጉልኝ አለ? ማን? አርዲስ ሳህኗን ማየት ያዘች፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን አንቺ ልጅ አርፈሽ ብዪ ትላት ነበር።

ቆይ፣ መኪናው፣ ነገሩ ሁሉ መኪናው ላይ ነው። ፋብሪካው ፒክአፕን ሲያወጣት ኋላዋን ከፍ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጎ ነው፣ ድርቆሽ ሲጫንባት እኩል እንድትሆን፣ ባዶዋን ስትቆም ግን መሬት የምታሸት ነው የምትመስለው፣ ቬርሊን ይሄን መልኳን አንድም ቀን ወድዶት አያውቅም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ፊቷን ብቻ ሁለት ኢንች አንስቶ ከኋላዋ ጋር ማስተካከል፣ ቀላል ሥራ ነው፣ እስክሪብቶ ወደ ኪስ የመመለስ ያህል። ሌላው እሷን ሙሉዋን ማንሳት፣ ሞላውንም አሞርዛተሩንም ለውጦ፣ ትልልቅ ጎማ አግብቶ፣ ስድስት ኢንች። እሱ የሚፈልገው ስድስቱን ነው፣ አምና ኅዳር ላይኛው ግጦሽ መንገድ ላይ የበረዶ ክምር ውስጥ በሆዷ ተቀምጣበት፣ ጎረቤቱ ላይል ብሬኪ በዚያች ባለ ረጅም እግር ፒክአፑ መጥቶ ጎትቶ ካወጣው ጀምሮ፣ ማውጣቱስ ደግ፣ ካፌ ገብቶ ለሰው ሁሉ አወራው እንጂ፣ ቬርሊንን እንደ ጥጃ ጎትቼ አዋለድኩት እያለ።

አርዲስ በሕይወቷ ስለ መኪና የሰጠችው አስተያየት ቢኖር ስለ ቀለሙ ነው። ባለፈው እሑድ ግን ሹካዋን አስቀመጠችና፣ ፊቷን ብቻ አስተካክላት ቬርሊን፣ ስድስት ኢንች ምን ሊያደርግልህ ነው፣ አልጋ ልትሰቅልባት ነው? ፊቷን ብቻ! ማስተካከልና ማንሳት የሚባል ልዩነት ከመቼ ወዲህ ነው የገባት፣ ማን አስተማራት? ኪፕ ነዋ። ኪፕ ራሱ አንዴ አፉ አምልጦት፣ የተነሳች መኪና ገዢ ታጣለች፣ ሽማግሌዎች አይወጧትም፣ ፊቷ የተስተካከለች ግን ቆማ አታድርም፣ በማግሥቱ ትሸጣለች፣ ብሏል። በማግሥቱ ትሸጣለች። ይኸው። ቀስ ብለህ አስብ አንተ ሽማግሌ፣ አትቸኩል፣ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ መሪውን መልቀቅ ታለማምድሃለች፣ ቀጥሎ መኪናዋን ለገዢ ታስውባለች፣ በገዛ እጅህ፣ ኪፕ ገዢ ይዞ ጠብቋል፣ ፒክአፕ የሌለው ሰው ደግሞ ላም አይጠብቅም፣ ላም የሌለው ሰው ግጦሽ ምን ያደርግለታል፣ የታሚ ባል ሜትሩን ይዞ ይመጣል፣ አንተ ቢሊንግስ መስኮት ዳር ተቀምጠህ በረዶህን ሲጠርጉልህ ታያለህ። በአንድ ዓይንህ።

ስለዚህ ስድስት ኢንች። እስቲ ማን እንደሚገዛት አያለሁ።

ከፊት መኪና ይመጣል፣ አርዲስ ሁለት ጣቷን ከመሪው ላይ አንስታ ሰላም ትላለች፣ ማን ነው፣ ቬርሊን መልኩን አልለየውም፣ አልጠየቀም። ምን ሆነህ ነው ዛሬ? ምንም። ዝም አልክ እኮ። አገሩን እያየሁ ነው። ገልመጥ ታደርገዋለች፣ ፈገግ ልትል ትልና ትተወዋለች፣ ይሄ ግማሽ ፈገግታ ምንድን ነው፣ አርባ አንድ ዓመት ያየሁት ፊት ነው፣ አሁን ማንበብ አቃተኝ፣ ይሄ ነው የሚያቃጥለው፣ መኪናዋንስ ትሽጥ፣ ግን ከእኔ ተደብቃ፣ ከእኔ።

ጋራዡ ደጅ ይቆማሉ። ኪፕ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይወጣል፣ ቬርሊን! ዛሬ ደግሞ ሾፌር ቀጠሩ እንዴ? ደመወዝ ገና አልጠየቀችም፣ ይላል ቬርሊን። ኪፕ ይስቃል፣ አርዲስ አትስቅም፣ ከመኪናው የወረደችው ቀስ ብላ ነው፣ በሩን ይዛ፣ ቬርሊን ግን የሚያየው ኪፕን ነው። ዓይኑ የት ይሄዳል? ወደ እሷ ሄደ። ተመለሰ። አየሁህ።

ቢሮው ውስጥ የጎማ ሽታ አለ፣ የቡና ማሽን አለ፣ ማንም የማያጥበው። ኪፕ፣ እንግዲህ ሁለቱም ይሠራል፣ ጭቃውን ካሰቡ ስድስቱ ጥሩ ነው፣ እኔ ብሆን ግን ፊቷን ብቻ ነው የማስተካክለው፣ ይላል፣ ይሄንን ሲል ጆሮው ይቀላል። ለምን? ለምን ፊቷን ብቻ? እእ… ለመውጣትም ለመውረድም ይቀላል። ለማን? ለሰው ነዋ፣ በአጠቃላይ ለሰው። በአጠቃላይ ለሰው! ነጋዴ ሆኖ ትልቁን ሥራ ትቶ ትንሹን ውሰድ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይሄ ልጅ ውሸት አይችልም፣ አባቱም አይችልም ነበር፣ ለዚህ ነው ሁለቱም ፈረስ መሸጥ ያልሆነላቸው።

ወጥመድ። አዎ፣ ወጥመድ ላጥምድላት። ደጁ ላይ አንዲት ብርማ ፒክአፕ ቆማለች፣ የእሱ ዓይነት፣ ስድስት ኢንች የተነሳች፣ ኪፕ ለደንበኛ የሚያሳያት። ቬርሊን ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ አርዲስ፣ ሂጂ እስቲ ያችን ውጪባትና ተቀመጪባት፣ ከላይ ሆነሽ እዪው፣ ምናልባት ትወጃታለሽ። ከወጣች ትወዳታለች፣ ማን አይወድም፣ እንቢ ካለች ደግሞ ሌላ ሐሳብ አላት ማለት ነው። አርዲስ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው ታዛውራለች። ኋላ አያታለሁ። አሁን እዪያታ። እሺ፣ እንዲያውም አየር ልውሰድ፣ ትላለች፣ ትወጣለች። ኪፕ የቡና ማሽኑን ማየት ይጀምራል፣ በሕይወቱ አይቶት እንደማያውቅ።

መስኮቱ አቧራና ዘይት ነው፣ ቬርሊን በክርኑ ይጠርገዋል፣ ቀኝ ዓይኑን ያስጠጋል። አርዲስ ብርማዋ ፒክአፕ ጎን ደርሳለች። ወዲያ ታያለች፣ ወዲህ ታያለች። ያዝኩሽ፣ ሰው ትጠብቂያለሽ፣ ገዢው ነው የሚመጣው። ማንም አይመጣም። በሩን ትከፍታለች፣ ከውስጥ ያለውን መያዣ በቀኝ እጇ ትጨብጣለች፣ እግሯን ታነሳለች፣ እግሯ አይነሳም። ትንሽ ከፍ ይልና ይመለሳል። እንደገና። ከዚያ በግራ እጇ የሱሪዋን ጨርቅ ከጉልበቷ በላይ ይዛ እግሯን፣ የራሷን እግር፣ እንደ ዕቃ ወደ ላይ ትጎትተዋለች፣ ጫማዋ የበሩን ደፍ ነካ አድርጎ ይንሸራተታል፣ ግንባሯን የበሩ ጠርዝ ላይ ታሳርፋለች። እንዲያው ሆና ትቆያለች። ትከሻዋ ይነሳል ይወርዳል። ከዚያ ቀና ትላለች፣ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ትዘጋለች፣ ጎማውን በጫማዋ ጫፍ መታ መታ ታደርገዋለች፣ ጎማ ልታይ የመጣች ሰው መስላ።

በሮቹ። አምላኬ፣ በሮቹ ናቸው። እስከ ላይኛው ግጦሽ ስድስት በር አለ፣ ጎን የተቀመጠ በየበሩ ወርዶ ይወጣል፣ መሪ የያዘ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ፣ ለዚህ ነው፣ ለዚህ ነው ልንዳ ያለችው፣ እኔ ስለ ዓይኔ ነው አልኩ፣ ሰው ሁሉ ስለ እኔ የሚያስብ ይመስለኛል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ከገና በፊት ነው፣ ከገና በፊት አራተኛው በር ላይ ሽቦውን ወጥራ ስትመለስ በረዶው ውስጥ እግሯን እየጎተተች፣ እኔ ሞቆኝ ተቀምጬ ጥሩንባ ነፋሁባት፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሴትዮ ትራፊክ ዘጋሽ እኮ! አልኳት፣ ሳቀች፣ በሁለት እጇ መያዣውን ይዛ ነው የወጣችው፣ በሁለት እጇ፣ አየኋት፣ አይቼ የላይልን ላሞች ማየት ቀጠልኩ፣ ዓይኔ ያኔ ጤነኛ ነበር፣ ሁለቱም ዓይኔ።

ግን ለምን አትነግረኝም፣ ለኪፕ እየነገረች፣ ለምን። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። የቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ ነው፣ የላም አርቢው የሃልቮርሰን ሚስት ዳሌዋ ተበላሽቶባት፣ ሃልቮርሰን በአንድ በልግ ላሙንም መሬቱንም ሸጦ ከተማ የገባ ጊዜ፣ ሁሉም ምስኪን ሲለው፣ ቬርሊን አፉን ሞልቶ፣ ምን ያድርግ፣ በር መክፈት ካቃታት አለቀ፣ የኔዋ ብትሆን እኔም በማግሥቱ ነበር የምሸጠው፣ አለ። ስለሚወዳት ነው ያለው። እሷን በረዶ ውስጥ አላንገላታም ማለቱ ነበር፣ እንዲህ አድርጎ አልተናገረውም እንጂ። አርዲስ ከጎኑ ነበረች፣ ዳቦ እየቀባችለት፣ ቀብታ ሰጠችው። ስለዚህ እግሯን ደበቀችው፣ እሱ ላሞቹን እንዳይሸጥባት፣ እሱ ደግሞ ቁጭ ብሎ እንዴት ልትሸጥብኝ ነው እያለ ሲያስብ ከረመ። ያሳፍራል። እዚህ መስኮት ላይ ቆሞ በጣም ያሳፍረዋል።

ኪፕ፣ ይላል ሳይዞር። አቤት። ትናንት ስትደውልልህ ምን ጠየቀችህ? ኪፕ አንገቱን ያካል፣ አደራ ብላኛለች እኮ ቬርሊን። የደበቀችውን በመስኮቱ አይቼዋለሁ፣ ንገረኝ። የበሩን ከፍታ ነው የጠየቀችኝ፣ ከመሬት እስከ ደፉ፣ በሁለት ኢንች ምን ያህል ይሆናል፣ በስድስትስ፣ ሌላ ምንም አላለችኝም፣ ስነግራት ግን ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ሃሎ ብያለሁ።

አርዲስ ትገባለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ነፋሱ ነው ትላለች ማንም ሳይጠይቃት፣ ቆንጆ ናት፣ ከፈለግክ የእኛንም እንደ እሷ አስነሳት፣ እኔ ምን አገባኝ፣ ወንበሯም ምቹ ነው። ወንበሯም ምቹ ነው! አልተቀመጠችበትም። ለእሱ ብላ ስድስት ኢንች ልትሰጠው ነው፣ በየቀኑ እግሯን በሱሪዋ እየጎተተች። ቬርሊን አንድ ነገር ሊላት ይፈልጋል፣ ትልቅ ነገር፣ ግን የቶሌፍሰን ቤት ሰው ለዚህ ዓይነት ነገር ቃል አላወረሰውም።

ታዲያ፣ ይላል ኪፕ፣ ሁለት ወይስ ስድስት?

ዝቅ ማድረግስ ይቻላል?

ኪፕ ቀልድ መስሎት የቬርሊንን ሳቅ ይጠብቃል። በዚህ አውራጃ ፒክአፕ ዝቅ አድርግልኝ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም፣ ዝቅ ያለች ፒክአፕ የከተማ ጎረምሳ ናት፣ የመጀመሪያው ጭቃ ላይ ትቀራለች፣ ላይል ብሬኪ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚያወራውን ያገኛል። ያውራ። ዝቅ? ይላል ኪፕ። ዝቅ፣ ይላል ቬርሊን፣ ወይም መርገጫ ግጠምላት፣ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ምን እንደሚደረግ አንተ ታውቃለህ፣ በሾፌሩ በኩል። በሾፌሩ? አዎ፣ የምትነዳው እሷ ናት፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ፣ ላሞቹም የትም አይሄዱም፣ እኛም የትም አንሄድም።

አርዲስ ቀና ትላለች። መስኮቱን ታያለች፣ በክርን የተጠረገውን ቦታ፣ ከዚያ እሱን። ከንፈሯን ትነክሳለች። አንተ ሰውዬ፣ ትላለች። ምን? ዓይንህን ትታያለህ። የቱን ዓይኔን? ግራውን፣ አታድርቀኝ፣ በዚህ ሳምንት ትታያለህ። ታውቅ ነበር። ይህንንስ ታውቅ ነበር፣ እሱ የጠረጠረው ሁሉ ውሸት አልነበረም ማለት ነው፣ ቬርሊን ይስቃል፣ ሳቁ መሀል ላይ ይሰበርበታል፣ እሺ፣ ይላል፣ እታያለሁ።

መርገጫውን ከመሬት እስከ ምን ድረስ ልሥራው፣ ይላል ኪፕ፣ ወደ ወለሉ እያየ፣ ለእርስዎ ነው አርዲስ፣ እስከ ምን ድረስ? ቬርሊን ሊመልስላት አፉን ይከፍትና ይዘጋዋል። እሷ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። አንድ እጇን ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ እጇን እሱ ክንድ ላይ ታደርጋለች፣ በሰው ፊት ክንዱን የያዘችበትን ጊዜ አያስታውስም፣ ከዚያ እግሯን ከሲሚንቶው ላይ ታነሳለች፣ ሱሪዋን ሳትይዝ፣ ቀስ ብላ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እስከምትችለው። እግሯ ይቆማል። እዚህ ድረስ ነው፣ ትላለች። ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ ነው፣ የአሁኗ መኪናቸው በር እንኳን ከዚያ ስንትና ስንት ይርቃል፣ ያንን ሁሉ ከፍታ በየቀኑ ከየት አምጥታ እንደወጣችው ቬርሊን አያውቅም፣ ክንዱን ያጠነክርላታል። ኪፕ በጉልበቱ ይንበረከካል፣ ሜትሩን ከወለሉ እስከ ጫማዋ ስር ይዘረጋል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ጮክ ብለህ እንዳትጠራው፣ ይላል ቬርሊን በልቡ፣ ኪፕም አይጠራውም፣ ሜትሩን ይጠቀልልና፣ ይቻላል፣ ይላል።